ቆሽቱ የታመመ ሰው በመጀመሪያው ሌሊት ይመዘን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጅማ ድንገተኛ ክፍሎች

ለ፦ በጅማ ከተማና በዞኑ ላሉ ሆስፒታሎች ሥራ አስኪያጆች፣ የድንገተኛ ክፍል ኃላፊዎችና የላብራቶሪ አስተባባሪዎች

ግልባጭ፦ ለጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ እንዲሁም ታማሚ ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች

ጉዳዩ፦ የአጣዳፊ ቆሽት ብግነት ክብደት በመጀመሪያው 24 ሰዓት እንዲለካና እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ባልደረቦቼ።

እዚህ ጅማ በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ጉዳዩ የአንድ ሆስፒታል ብቻ ስላልሆነ ነው። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከሊሙ፣ አልፎም ከቦንጋና ከበደሌ ታማሚ ወደዚህች ከተማ ይመጣል። አንዱ ጋ የተጀመረው ሕክምና ሌላው ጋ ይቀጥላል። የምጠይቀው ነገር የሚሠራው ሁላችንም ከያዝነው ነው።

ስለ ቆሽት ብግነት ነው የማወራው። ክፍላችን ውስጥ ፓንክሪያታይተስ እንለዋለን። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ያለች እጢ ናት። ምግብ የሚፈጭ ጭማቂ ታመነጫለች። ጭማቂው አንጀት ሳይደርስ እዚያው ሥራ ከጀመረ ቆሽትን ራሷን ይጎዳል። ሰውየው ከእምብርቱ በላይ ድንገት የጀመረ፣ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ኃይለኛ ሕመም ይዞ ይመጣል። በጀርባው ሲተኛ ይብስበታል፣ ጎንበስ ሲል ትንሽ ይቀልለዋል። ደጋግሞ ያስመልሰዋል። ቤት ውስጥ "ጨጓራዬ ተነሳብኝ" ብሎ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል ገዝቶ አንድ ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ ነው ብዙ ጊዜ የምናየው።

ከአምስቱ አራቱ ገደማ በጥቂት ቀን ውስጥ ድነው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ፈሳሽ፣ ማስታገሻ፣ ክትትል ይበቃቸዋል። አምስተኛው ግን ሌላ ነው። እብጠቱ ከቆሽት አልፎ መላ ሰውነቱን ያዳርሳል። ሳንባው ኦክስጅን ማስገባት ያቅተዋል፣ ኩላሊቱ ሽንት ያቆማል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ችግሩ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ሌሊት አምስቱም አንድ ይመስላሉ። አምስቱም ሆዳቸውን ይዘው ያቃስታሉ። የትኛው ነርስ አጠገብ እንደሚተኛ፣ የትኛው ለጽኑ ሕሙማን ክፍል እንደሚነገርለት፣ የትኛው ሳይዘገይ ሪፈር መባል እንዳለበት የሚወሰነው ግን በዚያው ሌሊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የተሻሻለውና ዓለም የሚጠቀምበት የአትላንታ ምደባ በሽታውን ቀላል፣ መካከለኛ ከባድና ከባድ ብሎ ይከፍለዋል። ከባድ የሚባለው የአንድ ወይም ከዚያ በላይ አካል ሥራ መስተጓጎል ከ48 ሰዓት በላይ ሲዘልቅ ነው። ለጥናትና ለመግባባት ጥሩ ምደባ ነው። ለተረኛ ሐኪም ግን መልሱ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይደርሰዋል። አልጋው የሚፈለገው ዛሬ ማታ ነው።

እዚህ ላይ በየቀኑ የምሰማውን አንድ ነገር ላንሳ። "ላይፔዙ ስንት መጣ?" ይባላል፤ ላይፔዝ በደም የሚለካ የቆሽት ኢንዛይም ነው፣ አሚሌዝም እንዲሁ። ሺህ ከሆነ ክፍሉ ይደነግጣል፣ ሦስት መቶ ከሆነ "ቀላል ነው" ይባላል። ይህ ትክክል አይደለም። ላይፔዝ ወይም አሚሌዝ ከመደበኛው ጣሪያ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን በሽታውን ለመለየት ይረዳል። በዚያ ሥራው ያበቃል። ጭስ እሳት መኖሩን እንጂ ቤቱ ምን ያህል እንደተቃጠለ አይነግርም። ሦስት እጥፍ የሆነ ሰው ሊሞት፣ ሃያ እጥፍ የሆነ ሰው በሦስተኛው ቀን እየሳቀ ሊወጣ ይችላል። ላይፔዝን በየቀኑ እየደጋገምን ማዘዛችን የታማሚውን ኪስ ከማራቆት በቀር የሚነግረን ነገር የለም።

ሲቲ ስካንም እንዲሁ። ምርመራው ካጠራጠረ፣ ሌላ የሆድ ችግር ከተፈራ፣ በመጀመሪያው ቀን ይነሳ። በሽታው ከታወቀ በኋላ ክብደቱን ለማየት ተብሎ ገና በገባበት ሰዓት ቢነሳ ግን ሊያሳስት ይችላል። የሞተው የቆሽት ክፍል በግልጽ የሚታየው ከሦስት ከአራት ቀን በኋላ ነው። ለሲቲ ብሎ ጊደር የሸጠ ገበሬ አውቃለሁ። ያ ገንዘብ ለደም ምርመራና ለፈሳሽ ቢውል ይሻል ነበር።

ታዲያ በምን እንለካ? መለኪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የራንሰን መስፈርት 11 ነጥብ አለው። ከነዚያ ውስጥ 6ቱ 48 ሰዓት ካልሞላ አይታወቁም። ከ11ዱ ውስጥ ኤል ዲ ኤች የተባለ የደም ምርመራና የደም ወሳጅ ጋዝ ምርመራም አሉበት፣ እነሱን በሌሊት ማግኘት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው አፓቼ ሁለት 12 የሰውነት ልኬቶችን፣ ዕድሜንና የቆየ ሕመምን ይደምራል። ለጽኑ ሕሙማን ክፍል የተሠራ ነው፣ ሰልፍ በበዛበት ድንገተኛ ክፍል ቁጭ ብሎ መሙላት ይከብዳል። ተማሪ ሳለን ሁለቱንም ለፈተና ሸምድደናል። ሥራ ላይ ግን ሲሞሉ ብዙም አላየሁም።

እኔ የምለምናችሁ ስለ ቢሳፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከብዙ ሺህ ታማሚዎች መረጃ ተሠርቶ የወጣ መለኪያ ነው። አምስት ጥያቄ አለው፣ እያንዳንዱ አንድ ነጥብ ነው፣ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ይሞላል። የደም ዩሪያ ናይትሮጅን (ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ ልክ) በዴሲ ሊትር ከ25 ሚሊ ግራም በላይ ነው ወይ? ንቃተ ኅሊናው ተዛብቷል ወይ? ከአራቱ የመላ ሰውነት ብግነት ምልክቶች ሁለቱ አሉ ወይ? ዕድሜው ከ60 በላይ ነው ወይ? በሳንባው ዙሪያ ውኃ አለ ወይ? በቃ። ዜሮ ያመጣ ሰው የመሞት ዕድሉ ከመቶ አንድ በታች ነው። አምስት ያመጣ ሰው ከመቶ ሃያ ይበልጣል። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆን አካሉ ሥራ የማቆም ዕድሉ በጣም ስለሚጨምር ዓይናችንን ከእሱ ላይ ልንነቅል አይገባም።

መለኪያው ቀላል ነው። በእኛ ሁኔታ በትክክል መሙላቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የትሪያጅ ወረቀቶቻችንን፣ ማለትም ታማሚ ሲገባ እንደ ሕመሙ ክብደት የሚለይባቸውን፣ ገለጥ ገለጥ አድርጉና የትንፋሽ ቁጥር የሚለውን ተመልከቱ። 20። ቀጥሎም 20። ከዚያም 20። ማንም በክፋት አልጻፈውም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ነርሷ አንድ ናት። የልብ ምትና ኦክስጅን ጣት ላይ የምትሰካው መሣሪያ ትነግራታለች። ትንፋሽ ግን ደረት እያዩ አንድ ደቂቃ መቁጠርን ይጠይቃል። ከአራቱ የብግነት ምልክቶች አንዱ ትንፋሽ በደቂቃ "ከ20 በላይ" የሚል ነው። በልማድ 20 ብለን ስንጽፍ ታማሚውን ልክ ከመስመሩ በታች እናስቀምጠዋለን። የሌሎቹ ሦስቱ መስመር የልብ ምት ከ90 በላይ፣ ሙቀት ከ38 በላይ ወይም ከ36 በታች፣ ነጭ የደም ሕዋስ ከ12 ሺህ በላይ ወይም ከ4 ሺህ በታች ነው። ልቡ 100 የሚመታ፣ ትንፋሹ በእውነት 28 የሆነ ሰው አንድ ነጥብ ያገኝ ነበር። 20 ተብሎ ከተጻፈ ዜሮ ያገኛል፣ ዜሮ ደግሞ ኮሪደር ላይ ያስተኛል።

ንቃተ ኅሊናስ? ጅማ ነን። ታማሚው አፋን ኦሮሞ ይናገራል፣ ወይም ዳውሮኛ፣ ወይም ካፍኛ፣ ወይም የምኛ። ተረኛው ሐኪም ደግሞ ከሌላ ክልል የመጣ ኢንተርን ሊሆን ይችላል። በማይገባው ቋንቋ የተጠየቀ ሰው ዝም ይላል። ዝምታው ግራ መጋባት ይሁን አለመግባባት ካልለየን ያ ነጥብ ዋጋ የለውም። "ነቅቷል፣ ሰላም ነው" ብለን እናልፋለን፣ ወይም በተቃራኒው ደህና የሆነውን ሰው ተዛብቷል እንላለን። መፍትሔው ቀላል ነው። አስታማሚውን "ትናንት እንዲህ ነበር ወይ? የሚያወራው ነገር ትክክል ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ። እናት ወይም ሚስት ለውጡን ከማንም በፊት ታያለች። "ከማታ ጀምሮ እየቃዠ ነው" የሚል ቃል ከአስታማሚ አፍ ከወጣ ካርዱ ላይ ይጻፍ።

ዕድሜም እንደዚሁ። ብዙ አዛውንቶች ዓመታቸውን በትክክል አያውቁትም፣ ካርድ ክፍል ያለ ልጅ በግምት 50 ወይም 55 ብሎ ይሞላላቸዋል። "አባባ፣ በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ ከብት ይጠብቁ ነበር?" ማለት ይሻላል። "ኧረ አግብቼ ነበር" ካሉ ነገሩ አለቀ።

ሌላው ወጥመድ ላብራቶሪ ጋ ነው፣ አስተባባሪዎቹ በተለይ ይህን ልብ በሉልኝ። ቢሳፕ የሚጠይቀው የዩሪያ ናይትሮጅንን ነው። አንዳንድ ማሽን ውጤቱን የሚያወጣው በሙሉ ዩሪያ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዩሪያ ከዩሪያ ናይትሮጅን ሁለት እጥፍ በትንሹ ይበልጣል፣ 2.14 ነው ማባዣው። ስለዚህ 25 ተብሎ የተቀመጠው መስመር በዩሪያ ሲሆን 53.5 ገደማ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ "ዩሪያ 40" አይቶ ነጥብ የሚሰጥ ሐኪም ሳያውቅ ተሳስቷል። የውጤት ወረቀቱ የትኛው እንደሆነና መለኪያው ምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍበት። ይህ የአንድ መስመር ለውጥ ነው፣ በጀት አይጠይቅም።

ለሳንባ ውኃ ኤክስሬይ ይበቃል። ሌሊት ኤክስሬይ ካልሠራ አልትራሳውንድ የሚችል ሰው በሁለት ደቂቃ ያየዋል። በዚያው እግረ መንገዱን የሐሞት ከረጢቱን ጠጠር ይፈልግ። በእኛ አካባቢ ወስፋትም ወደ ሐሞት ቱቦ ወጥቶ ቆሽትን ሊያስቆጣ እንደሚችል አይርሳ። መጠጥን በተመለከተም ሰው ፊት አትጠይቁት። ዘመድ አጠገቡ ቆሞ "አረቄ ትጠጣለህ?" ተብሎ እውነቱን የሚናገር ጥቂት ነው። ብቻውን ሲሆን በእርጋታ ይጠየቅ። የማይጠጣውንም በግድ ጠጪ አናድርገው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ አንድ ታማሚ ልንገራችሁ። ከቡና አገር የመጣ፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ ገበሬ ነው። ከአንድ ጤና ተቋም ሪፈር ተብሎ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰልን። ወረቀቱ ላይ የቆሽት ብግነት የሚል ምርመራና "የተረጋጋ" የሚል አንድ ቃል አለ። መቼ እንደተለካ አይልም። ምን ያህል ፈሳሽ እንደወሰደ አይልም። ሽንቱ አልተጻፈም። ወንድሙን ስጠይቀው "ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልሸናም፣ ጉሉኮስ ግን አራት ተሰክቶለታል" አለኝ። ደረቱን እያየሁ ቆጠርኩ፤ ትንፋሹ 34 ነበር። አፉ ደርቋል፣ የእጁ ጣቶች ቀዝቅዘዋል። "የተረጋጋ" የተባለው ምናልባት በዚያ ሰዓት እውነት ነበር። ግን ከምን ተነስቶ ወደ ምን እንደሄደ የማውቅበት ቁጥር አልነበረኝም። በገባበት ሰዓት "ቢሳፕ አንድ"፣ ከ12 ሰዓት በኋላ "ቢሳፕ ሦስት" የሚል ቢኖር ኖሮ መኪናው ከዚያ በፊት ይነሳ ነበር። ሰውየው ብዙ ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆይቶ ተረፈ። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ሌላ ሰው ግን አልተረፈም።

ስለዚህ ሪፈራል ወረቀት ላይ ቢሳፕ ስንት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደተለካ፣ ምን ፈሳሽ ምን ያህል እንደገባና ምን ያህል ሽንት እንደወጣ ይጻፍ። በመጣበት ሰዓት፣ በ24 ሰዓትና በ48 ሰዓት ይደገም። አንድ ቁጥር ብዙ አይናገርም። አካሄዱ ነው የሚናገረው። የዩሪያ ናይትሮጅኑ በመጀመሪያው ቀን እየጨመረ ከሆነ፣ ሄማቶክሪቱ (በደሙ ውስጥ ያለው የቀይ ሕዋስ ድርሻ) ከ44 በመቶ በላይ ሆኖ ፈሳሽ ከተሰጠው በኋላም አልወርድ ካለ፣ የብግነቱ ምልክት ከ48 ሰዓት በላይ ከዘለቀ፣ በነጥብ ዝቅተኛ ቢሆንም ልንፈራለት ይገባል። ሲ አር ፒ የተባለውን የብግነት የደም ምርመራ የምትሠሩ ደግሞ በ48ኛው ሰዓት በሊትር ከ150 ሚሊ ግራም በላይ መሆኑ ይረዳችኋል። በመጀመሪያው ሰዓት ብዙም አይጠቅምም።

ቢሳፕ ፍጹም ነው እያልኩ አይደለም። ዝቅተኛ ነጥብ ይዘው የሚከብዱ አሉ። ወጣት ታማሚ ዕድሜው ነጥብ ስለማይሰጠው ከእውነተኛ ሁኔታው ቀላል ሊመስል ይችላል። ከሌሎቹ መለኪያዎች ጋር ሲነጻጸር ትክክለኛነቱ ተቀራራቢ ነው፣ ከሁሉ የላቀ የሚባል መለኪያ እስካሁን የለም። እኔ ቢሳፕን የመረጥኩት እዚህ፣ ሌሊት፣ ባለን ነገር መሙላት ስለምንችል ነው። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ታማሚውን ወደ ቤት እንዳትልኩት። ዓይናችሁና እጃችሁ ሌላ ነገር ከነገራችሁ እነሱን ስሙ።

ከባድ መሆኑ ሲታወቅ ምን ይለወጣል? ዋናው ክትትሉ ነው። ሁለተኛው የፈሳሽ አሰጣጡ ነው። ለብዙ ዓመት "ቆሽት ከሆነ ፈሳሽ አፍስስበት" ተብለን ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዋተርፎል የተባለ ጥናት ግን ይህን ልማድ ፈትኖታል። በ249 ታማሚዎች ላይ ከተሠራ በኋላ ቀድሞ ቆመ፣ ምክንያቱም በብዛት ፈሳሽ ከወሰዱት ውስጥ 20.5 በመቶው ፈሳሽ በዝቶባቸው ተቸገሩ። በመጠኑ የተሰጣቸው ላይ ይህ የደረሰው በ6.3 በመቶው ብቻ ነው። በብዛት መስጠቱም የበሽታውን ክብደት አልቀነሰም። በመጠኑ የሚባለው ሪንገር ላክቴት በኪሎ በሰዓት 1.5 ሚሊ ሊትር ነው፣ ውኃ የጎደለው ከሆነ መጀመሪያ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ይቀድማል። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው በሰዓት 90 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከዚያ በየሰዓቱ አይቶ መጨመር ወይም መቀነስ። ለዚህ ደግሞ ሽንቱ መለካት አለበት። ካቴተር ካልገባ ለአስታማሚው ባዶ ሃይላንድ ስጡትና በፓርከር ምልክት አድርጉበት። የ60 ኪሎ ሰው ቢያንስ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር መሽናት አለበት። ይህን አስታማሚ በደንብ ይረዳል፣ ከተነገረው ከእኛ የበለጠ ይጠብቀዋል።

ሴፍትሪያክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ ለሁሉም በልማድ ማዘዛችንንም ብንተወው ደስ ይለኛል። ኢንፌክሽን መኖሩ ካልተጠረጠረ ጥቅም እንደሌለው ታውቋል።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ከድንገተኛ ክፍል ኃላፊዎች፦ ካርዱ ውስጥ የምትገባ፣ አምስቱ ጥያቄና ሦስቱ የመለኪያ ጊዜዎች ያሉባት ግማሽ ገጽ ወረቀት። ከላብራቶሪ፦ የደም ቆጠራ፣ ዩሪያ ናይትሮጅንና ክሪያቲኒን በማታና በበዓል ቀን ጭምር እንዲሠሩ፣ ሪኤጀንት (የምርመራው ኬሚካል) ሲያልቅ ደግሞ ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት እንዲነገረው። ከሥራ አስኪያጆች፦ በትሪያጅ ላይ ትንፋሽ የምትቆጥር ተጨማሪ ነርስ በማታ ፈረቃ። ከጤና ጽሕፈት ቤቶች፦ ይህች ወረቀት በወረዳ ሆስፒታሎችም አንድ ዓይነት እንድትሆንና ሪፈራሉ ላይ እንድትያያዝ። ጅማ ሐኪምና ነርስ የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። ተማሪዎቻችን እዚህ ትንፋሽ መቁጠርን ልማድ ካደረጉ በየተመደቡበት ይዘውት ይሄዳሉ።

ለቤተሰቦችም አንድ ቃል። ከእምብርት በላይ ድንገት ጀምሮ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ፣ ማስታወክ ያለበት፣ ለሰዓታት ያልተወ ሕመም ጨጓራ ነው ብላችሁ አታቆዩት። ይዛችሁ ኑ። ከመጣችሁ በኋላም "ሽንቱ ቀንሷል"፣ "ትንፋሹ ፈጥኗል"፣ "ንግግሩ ተቀይሯል" ብላችሁ ለነርሷ ለመናገር አትፍሩ። እንዳስቸገራችሁን አናየውም።

የወረቀቷን ረቂቅ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቻለሁ። የሚፈልግ ክፍል ካለ ከነማብራሪያው መጥቼ ለተረኞቹ አሳያለሁ፣ የሚታረም ካለ አርሙልኝ። በመጪው ወር ቢያንስ አንድ ክፍል ሞክሮት ውጤቱን በጠዋቱ ስብሰባ ላይ እንድንነጋገርበት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፣ ጅማ